ደብተሩን ዝጉት፦ ያጠናነው ለምን ይጠፋል፣ እንዴትስ ይቆያል?

የአክስቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ነች። ባለፈው እሁድ እነሱ ቤት ሄጄ የባዮሎጂ መጽሐፏን አየሁት። ገጹ ሁሉ ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ ሆኗል። ያልተቀባ መስመር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አንዱን ምዕራፍ ገልጬ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ስጠይቃት «ይሄን? አራቴ» አለችኝ። መጽሐፉን ዘጋሁትና «እሺ፣ ስለምን ነበር? ንገሪኝ» አልኳት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ከዚያ ዝም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሳነበው'ኮ ሁሉም ይገባኛል፤ ስዘጋው ነው የሚጠፋው። ጭንቅላቴ ወንፊት ነው መሰለኝ» አለች።

ጭንቅላቷ ወንፊት አይደለም። ይህቺ ልጅ ለወራት እንቅልፏን አጥታ ደክማለች። ችግሩ ትውስታ እንዴት እንደሚሠራ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። «አጥኚ!» ይሏታል እንጂ እንዴት እንደሚጠና ማንም አላሳያትም። ያን ዕለት ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ እንደ እሷ መጽሐፍ ቀለም እየቀቡ የሚያነጉ ልጆች በየቤቱ እንዳሉ አውቃለሁና።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ኮቪዱ፣ ጦርነቱ፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረቱ። ሁሉንም ነገር በልጆቹ አጠናን ላይ ማላከክ እነሱን መበደል ነው። ግን አንድ ተማሪ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ ብር ሳያወጣ፣ ነገ ጠዋት ተነስቶ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ቢኖር አጠናኑ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ይህን ቁጥር አንዴ እዩትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድገሙት፦ 188819281966።

አብዛኛው ሰው ስድስት ሰባት አሃዝ ላይ ሲደርስ ይምታታበታል። አሁን ደግሞ እንዲህ እዩት፦ 1888፣ 1928፣ 1966። አድዋ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። ያው 12 አሃዝ ነው፤ አንድም አልተቀነሰም። አሁን ግን ሳምንት ቆይታችሁም ትደግሙታላችሁ።

ይህ የአጭር ጊዜ ትውስታችን ጠባይ ነው። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በሐሳባችን ይዘን የምንሠራበት ቦታ ማለቴ ነው። በጣም ጠባብ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሰባት ገደማ ነገር ይይዛል ብሎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ቁጥሩን ወደ አራት አካባቢ አውርደውታል። ለሁላችንም ጠባብ ነው። የክፍሉ አንደኛም ሆነ መጨረሻ የሚወጣው ልጅ እዚህ ላይ ቢለያዩም በጥቂት ነገር ነው። ይበልጥ የሚራራቁት «አንድ ነገር» ብለው በሚቆጥሩት ነገር ትልቅነት ነው። ታሪክ ለሚያውቅ ሰው 1888 አንድ ነገር ነው፤ ለማያውቅ አራት አሃዝ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር ቶሎ የሚይዘው። እኛ ውጭ ሆነን ስናየው ተፈጥሮ የሰጠው ይመስለናል እንጂ፣ በብዛት ቀድሞ ያስቀመጠው ዕውቀት ነው የሚያግዘው።

ወደዚህች ጠባብ ቦታ ያልገባ ነገር ደግሞ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስልክ አጠገብ አስቀምጦ፣ በየአምስት ደቂቃው ቴሌግራም እያዩ ማጥናት የሚያስከፍለው እዚህ ጋ ነው። መልእክቷን ለማየት የሄደችው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ትመስላለች፤ ግን በሐሳብ ተይዞ የነበረው ነገር ፈሶ፣ እንደገና ከስር መልቀም ይጠይቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ሌላ ክፍል ከሌለ ለእናታችሁ ስጧቸው።

ከአጭር ጊዜው ወደ ረጅሙ እንዴት እንደሚሻገር ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1953፣ ገና የ27 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሐኪሞች በሽታውን ለማስታገስ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍልና በዙሪያው ያለውን አወጡለት። በሽታው ቀነሰ። ግን ከዚያን ቀን በኋላ ሄንሪ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። የልጅነቱን ያስታውሳል፤ ይጫወታል፣ ያወራል፤ ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ ለዓመታት ስትመላለስበት ግን በመጣች ቁጥር ለእሱ አዲስ ሰው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ እንደዚያው ኖረ። የዚህ ሰው ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ስሙ እንኳ ሳይታወቅ በሁለት ፊደል ብቻ እየተጠራ፣ ስለ ትውስታ ዛሬ ከምናውቀው ብዙውን የሰጠን እሱ ነው።

ከእሱ የተገኙት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ሂፖካምፐስ አዲስ ነገርን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ የሚያደርግ በር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ለተማሪ የበለጠ ይጠቅማል። ሚልነር ሄንሪን እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል አደረገችው። ከባድ ነገር ነው፤ እጅ ወደማይፈለግበት ይሄዳል። በተከታታይ ቀናት ሲሞክር ግን እየተሻለው፣ እየተሻለው ሄደ። ከዚህ በፊት ሞክሮት እንደነበረ ግን ፈጽሞ አያስታውስም! እጁ ተማረ፣ እሱ አላወቀም። ስለዚህ «ማወቅ» እና «መቻል» በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ አላቸው። የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ አይቶ «ገባኝ» ማለት ማወቅ ነው። ጥያቄውን ባዶ ወረቀት ላይ ብቻን መፍታት መቻል ነው። የፊዚክስና የሒሳብ ደብተር እንደ ታሪክ የሚያነቡ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ቢሠሩት ኖሮ በግማሹ ሰዓት የተሻለ ቦታ ይደርሱ ነበር።

አሁን ወደ መርሳት እንምጣ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ራሱን መሞከሪያ አድርጎ፣ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ቃላትን ለዓመታት ሲሸመድድና ስንቱ እንደቀረለት ሲለካ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ውጤቱን በመጽሐፍ አወጣ። የያዘው ነገር ብዙው የጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን መጥፋቱ ዘገየ፤ በወሩ የቀረው ከአምስት አንድ አካባቢ ነበር። ትርጉም ያለው ትምህርት ከዚህ ይሻላል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ።

እዚህ ጋ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ትናንት ያጠኑት ዛሬ ሲጠፋባቸው «እኔ አይገባኝም» ይላሉ። ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ኤቢንግሃውስ ያገኘው ሌላ ነገርም አለ። ሙሉ በሙሉ የረሳው የመሰለውን ቃል እንደገና ሲያጠናው ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይይዘዋል። አልጠፋም ማለት ነው። መንገዱ ሣር በቀለበት እንጂ አልተዘጋም። እንደገና ሲሄዱበት ይከፈታል፤ ደጋግመው ሲሄዱበት ደግሞ ሣር ማብቀሉን ይተዋል።

በአንጎል ውስጥም ነገሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ስንማር በነርቭ ሴሎች መካከል ያለው መገናኛ፣ ሲናፕስ የሚባለው፣ ይጠነክራል። ኤሪክ ካንደል የተባለው ሳይንቲስት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረገው ምርምር፣ የአጭር ጊዜው ትውስታ መገናኛው ላይ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ለውጥ እንደሆነ፣ የረጅም ጊዜው ግን አዲስ ፕሮቲን መሠራትና አዲስ መገናኛ መብቀል እንደሚፈልግ አሳየ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ግንባታ ነው እንግዲህ፤ ግንባታ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት ቤት አይሠራም።

ታዲያ መንገዱን የሚያጠነክረው ምንድን ነው? አብዛኛው ተማሪ «ደጋግሞ ማንበብ» ብሎ ይመልሳል። የአክስቴ ልጅም እንደዚያ ነበር ያሰበችው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን በተማሪዎች ፈተኑት። አንደኛው ቡድን አጭር ጽሑፍ በአራት ዙር እንዲያነብ ተደረገ። ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራቴ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አራቴ ያነበቡት 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ሦስቴ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ የበለጠ በራሳቸው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ «አራቴ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? ደጋግሞ ማንበብ የሚሰጠን መልክ መለየትን ነው። ታክሲ ውስጥ የሆነ ሰው ታያላችሁ፤ ፊቱን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ግን አይመጣም። ለአምስተኛ ጊዜ የተነበበ ገጽም እንደዚያው ፊቱ ይታወቃል። ዓይን ያለ እንቅፋት ይንሸራተታል፤ አንጎል ደግሞ ያንን ቅለት «አውቄዋለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። ፈተናው ግን ስሙን ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ «ፈተናው'ኮ ምርጫ ነው፣ መልኩን ከለየሁ ይበቃኛል» ይላል። አይበቃም። ጥያቄ አውጪዎች የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያዘጋጁት ከዚያው መጽሐፍ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ አራቱም የሚታወቅ ፊት ይኖራቸዋል። «ሁሉም መልስ ይመስሉኛል» የሚለው የፈተና አዳራሽ ጭንቀት ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ የማስታወስ ችሎታን የሚያጠነክረው ወደ ጭንቅላት ማስገባት ብቻ ሳይሆን ከጭንቅላት ማውጣት ነው። ደብተሩን ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡ። ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ በዝርዝር፣ በሥዕል፣ በፈለጋችሁት። ሲጠፋባችሁ ቶሎ አትክፈቱት። ታገሉ፤ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ጨነቅ ይበላችሁ። ያ «ኧረ ምን ነበር?» እያሉ መታገል ነው መንገዱን የሚጠርገው። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሙሉበት። ማመሳከሩን አትዝለሉት፤ ስህተትን ሳያርሙ መድገም ስህተቱን ማጽናት ነው። በሚቀጥለው ቀን የምታጠኑት ያንን በሌላ ቀለም የተጻፈውን ነው። ለማጥኛ ቀለም የሚጠቅመው እንደዚህ ሲሆን ነው።

ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የአብነት ተማሪ ከመሪጌታው ፊት ሆኖ የያዘውን በቃሉ ያደርሳል። ማታ ማታ የቃል ትምህርት አለ፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ፣ በጨለማ፣ እየተቀባበሉ። ሲሳሳት ወዲያው ይታረማል፤ ያልጸናውን ይዞ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ በቃላቸው የሚደግሙ አሉ። ቁርአን የሚሐፍዙ ልጆችም እንደዚሁ ናቸው፤ አዲሱን ከመጨመራቸው በፊት የድሮውን ለኡስታዛቸው ያሰማሉ። «ሽምደዳ ነው» ብለን ስናናንቅ የቆየነው ትምህርት በውስጡ ሁለቱን ትልልቅ ዘዴዎች ይዞ ነበር፤ ማውጣትንና አራርቆ መከለስን። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሽምደዳውን ወስደን፣ ማድረሱንና ክለሳውን የጣልነው ይመስለኛል።

አራርቆ መከለስ ያልኩት ቀላል ነገር ነው። አንድን ምዕራፍ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከማጥናት፣ ያንኑ ስድስት ሰዓት ለስድስት የተለያዩ ቀናት ማካፈል ይሻላል። ሰዓቱ እኩል ነው፤ የሚቀረው ግን አይገናኝም። ምክንያቱም በመካከሉ ትንሽ ትረሳላችሁ፤ ትንሽ የረሱትን ማውጣት ደግሞ ትግል አለው። ለጀማሪ የምመክረው እንዲህ ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ ደብተር ሳታዩ ጻፉት። ነገ እንደገና ሞክሩት። ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከዚያ ከሳምንት፣ ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቀኖቹ ሕግ አይደሉም። ቶሎ የሚጠፋባችሁን አቀራርቡ፣ የጸናውን አርቁ። ፈተና ሊደርስ ሲል ሌሊቱን ሙሉ መቸከል ለነገ ጠዋት ፈተና ሊያሳልፍ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ግን የ9ኛ ክፍሉ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል።

የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ደብተር ካርዶች ቆርጣ፣ በአንድ ወገን ጥያቄ በሌላው መልስ ጽፋ፣ በሦስት የብስኩት ካርቶን ከፋፍላ አስቀምጣለች። የመለሰችው ወደሚቀጥለው ካርቶን ያልፋል፣ ያልመለሰችው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በሳምንት አንዴ ታወጣለች። ይህን የሚሠሩ የስልክ አፖች አሉ። ካርቶኑም ያው ነው፤ ማስታወቂያም አያመጣም።

ማውጣት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ያልገባችሁን ነገር ብታወጡት ያልገባ ነገር ነው የሚወጣው። አዲስ ዕውቀት የሚቆየው የሚይዘው ሜንጦ ሲያገኝ ነው፤ ሜንጦው ደግሞ ቀድማችሁ የምታውቁት ነገር ነው። ስለ እርሾና ያለ ኦክስጅን ስለሚደረግ አተነፋፈስ ስትማሩ፣ ቃሉን ከመሸምደዳችሁ በፊት ወደ ወጥ ቤት ሂዱ። እናታችሁ ሊጥ አቡክተው እርሾ ጨምረው ቀናት ያሳድሩታል። ምን እየሆነ ነው? በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት የጤፉን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ያ ጋዝ ነው ምጣድ ላይ ሲሞቅ እየፈነዳ የእንጀራውን ዓይን የሚሠራው። መጎምዘዙስ? ከእርሾው ጋር አብረው ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት አሲድ ነው። ይህን ያየ ልጅ ጥያቄው እንዴትም ተጠማዞ ቢመጣ አይጠፋበትም። ለእያንዳንዱ ነገር «ለምን?» እና «ይሄ የማውቀውን ምን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አውቃለሁ። ግን ያለዚያ የሚጠና ነገር ጊዜውን ሁለት ጊዜ ነው የሚበላው።

አንድ የራሳችን ችግርም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጆች ሐሳቡ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚያመልጣቸው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይሸመድዱታል። አንድ ቃል ሲቀየር ሁሉም ይፈርሳል። የምመክረው ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ በትግርኛም ይሁን በሌላ፣ ለጓደኛችሁ አስረዱት። እሱ እስኪገባው ድረስ። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሦስት አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉት። ሐሳቡ አንዴ የእናንተ ከሆነ ቋንቋው ይከተላል።

«የማስታወስ ችሎታ እንደ ጡንቻ ይጎለብታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቁጥሮችን እየሰማ መድገም ይለማመድ ነበር። ሲጀምር እንደ ሁላችንም ሰባት ገደማ አሃዝ ነበር የሚይዘው። ከ20 ወር ልምምድ በኋላ 79 አሃዝ ደገመ! ምስጢሩ ልጁ ሯጭ መሆኑ ነበር። የሚሰማቸውን አሃዞች ወደ ሩጫ ሰዓት ይቀይራቸው ነበር። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት አይከብድም። 21516 ለአንዱ ተራ ቁጥር ነው። ሩጫ ለሚወድ ሰው ግን 2፡15፡16 ነው፤ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ። 20359 ደግሞ ኃይሌ በበርሊን እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረበት ነው።

ታዲያ ያንኑ ልጅ በቁጥር ፈንታ ፊደል ሲሰጡት ስንት ያዘ? ስድስት ገደማ። ጡንቻው አልወፈረም ማለት ነው። ያደገው ቁጥርን ከሚያውቀው ነገር ጋር የማያያዝ ጥበቡ ነበር። «አእምሮ የሚያጎለብት» እየተባለ የሚሸጠውን ጨዋታና ኪኒን ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ልጆች ሆይ፣ ብራችሁን አታባክኑ። ኬሚስትሪ ለማስታወስ ኬሚስትሪን ማወቅ ነው የሚያዋጣው። መርሳቱ ከወትሮው የተለየ ከሆነ፣ ድካምና ማዞር ካለው፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ነው፤ የደም ማነስ እንኳ ትኩረትን ያጠፋል።

እንቅልፍን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ካምፓስ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ፈተና ሲደርስ ቡናው፣ ጫቱ፣ ንጋት ላይ እግርን ውሃ ውስጥ መንከሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ቃላት አስጠንተው፣ አንዳንዴ እንዲተኙ አንዳንዴ ነቅተው እንዲቆዩ አደረጓቸው። ተኝተው ሲነሱ የረሱት በጣም ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ምክንያቱን እያሳዩን ነው። በእንቅልፍ ሰዓት ሂፖካምፐስ የቀኑን ነገር እየደገመ ያሳድረዋል። የአይጦች አንጎል ሲመዘገብ፣ ነቅተው የሄዱበትን መንገድ ኋላ ተኝተው ሲደግሙት ታይቷል። ስለዚህ ሌሊቱን በጫት ያነጋ ተማሪ ሰዓት ያተረፈ ይመስለዋል፤ ግን የቀኑ ትምህርት የሚጸናበትን ሰዓት ነው የሸጠው። በማግስቱ ደግሞ ደክሞት አዲሱን መቀበል አይችልም። እባካችሁ ተኙ። ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ካርዳችሁን አውጥታችሁ ከልሱና ተኙ።

ፈተና አዳራሽ ውስጥ «ባዶ ሆነብኝ» የሚለው ነገርም አለ። ጭንቀት ሲበረታ በሰውነት የሚለቀቁት ንጥረ ነገሮች የተቀመጠውን ማውጣት ያከብዱታል። ነገሩ አልጠፋም፤ በሩ ነው የተያዘው። ያን ጊዜ ከጥያቄው ጋር አትታገሉ፤ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። ሌሎቹን ስትሠሩ አንዷ ቃል የጠፋውን ይዛው ትመጣለች። ከሁሉም በላይ ግን አስቀድሞ መለማመድ ነው። የአለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰዓት ይዛችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ስልክ በሌለበት፣ መልስ ሳታዩ ሥሩ። ሃያ ጊዜ ከጭንቅላቱ አውጥቶ የለመደ ሰው ሃያ አንደኛው ላይ ያን ያህል አይደነግጥም።

የመጨረሻው ለወላጆች ነው። ልጅን «አጠናሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚያመጣው «አዎ» ወይም «እያጠናሁ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው። አክስቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ልጇን ማገዝ እንደማትችል ነበር የምታስበው። ያን እሁድ አንድ ሥራ ሰጠኋት። አሁን ማታ ማታ ቡና ስታፈላ ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች። አክስቴም «እሺ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ትላታለች። ያልገባት ቦታ ላይ ታስቆማታለች፤ «ቆይ፣ እንዴት ሆኖ?» ትላለች። ባለፈው ረቡዕ ደውላልኝ ነበር። ስለ እንጀራ ዓይን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ጋዙ የሚወጣ ከሆነ፣ ምጣዱ በደንብ ሳይግል ሲጋገር እንጀራው ለምን ዓይን እንደማያወጣ። ልጅቷ መመለስ አልቻለችም፤ መጽሐፏን ልትገልጥ ተነስታለች አለችኝ።